ጓሮ ያልገባው ማሽን

ፈጠነች ቶማ ወላይታ፣ ጉኑኖ ውስጥ ፊዚክስ ታስተምራለች። ከተማዋ ትንሽ ናትና ሁሉም ያውቃታል፤ ከሩቅ የሚለያት ግን አካሄዷ ነው። ገበያ ስትወጣ እንኳ የሶዶ መኪና ያመለጣት ይመስል ትጣደፋለች። የባጃጅ ሹፌሮች «ቲቸር፣ ላድርስሽ?» ማለቱን ትተውታል። ቀድማቸው ትደርሳለቻ።

ትዕግሥት የላትም። ሰዎች ይህን የሚያወሩት እንደ ነውር ነው። ነውሩ ሌላ ቦታ ነው። እዚህ አገር ትዕግሥት የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ሲጎዳ እያዩ ሻይ መጠጣት ነው፤ ለሷ ያ ችሎታ አልተሰጣትም።

ያንገበገባት የዘጠነኛ ክፍል ወንበር ነው። ዓመቱ ሲጀመር ሴቶቹ ልጆች የፊቱን መደዳ ይሞሉታል። እጃቸው ይቀድማል፣ ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ። የእንሰት መፋቂያው ወቅት ሲገባ ግን መደዳው ይሳሳል። እንሰት የሚፋቀው በተራ ነው፤ ዛሬ የአንዷ ጓሮ፣ ነገ የጎረቤቷ፣ ከነገ ወዲያ የሌላዋ። እናቶቹ ይፍቃሉ፤ ልጆቹ ይሸከማሉ፣ ይሰበስባሉ፣ ይጨምቃሉ። ሲመለሱ ትምህርቱ ጥሏቸው ሄዷል። ከዚያ ፈተና ይመጣል፣ ውጤት ይለጠፋል፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ዳቦውን የሚገምጥ አንዱ ደግሞ ራሱን እየነቀነቀ ሴት ልጅ ፊዚክስ እንደማይሆንላት ያስረዳል።

«አንተን ከክፍል አውጥተን እንሰት ብናሸክምህ» አለችው ፈጠነች፣ «የኒውተንን ስም ታስታውሳለህ?»

ሰውየው ዳቦውን ይዞ ወጣ። እሷ ግን አፏን ከፍታ ብቻ የምትተው ዓይነት አይደለችም። ከክፍል የቀሩበትንና የወደቁበትን ጎን ለጎን አስቀምጣ ጥናት ጻፈች። ጥናቱ በትልልቅ ቃላት ቢጀምርም የሚለው አጭር ነገር ነው፤ ልጆቹ አልደነቆሩም፣ ክፍል ውስጥ አልነበሩም። በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ሰው የእንሰት መፋቂያ ማሽን እንዲሠራላቸው ጠየቀች።

ያን ይዛ ሶዶ ወረደች፤ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የጥናት ጉባኤ ጠርቶ ነበር። እዚያ የተማረ ሰው ሥራውን እንዴት እንደሚገፋ አየች። የምህንድስናዎቹ «ይሄ የትምህርት ጉዳይ ነው» ብለው ወደ ጎን አሳለፉት። የትምህርቶቹ «ይሄማ ማኅበራዊ ነው» አሉ። የማኅበራዊዎቹ ደግሞ ውስጡ ማሽን አለበት ብለው ወደመጣበት መለሱት። ወረቀቱ እንደ ትኩስ ድንች ከእጅ እጅ ሲዞር ከኋላ ወንበር ሁለት ሰዎች ሳቁ። ፈጠነች ዞራ አፈጠጠችባቸው። በምሳ ሰዓት ግን ራሳቸው መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ።

አንዱ ኤርካሎ ነው፤ የኮሌጁ የሜካኒካል ምህንድስና መምህር፣ ትከሻው ሰፊ፣ የጉኑኖ ልጅ። እናቱ ወይዘሮ እታፈራሁ ከፈጠነች ትምህርት ቤት ብዙም ሳይርቁ ይኖራሉ፤ እንሰታቸው ጓሮውን አልፎ የጎረቤት አጥር ይጋፋል። ሌላው ዓምደሚካኤል ነው፤ ሶዶ ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ የማኅበረሰብ ጥናት የሚያስተምር፣ ነጭ ሸሚዝ የሚወድ፣ ሳያስብ የማይናገርና አስቦም ብዙ ጊዜ የማይናገር። ሦስቱ ያን ቀን ማሽኑን አብረው ሊሠሩ ተስማሙ። ኮሌጁም የዘንድሮው ወቅት ሳያልፍ በሥራ ላይ የዋለ ማሽን ካሳዩ ሥራውን እንደሚቀጥሉ፣ ካልሆነ ቡድኑ እንደሚበተን ነገራቸው። ለኤርካሎና ለዓምደሚካኤል ይህ የሥራ ጉዳይ ነው። ለፈጠነች ግን የፊተኛው መደዳ ነው፤ ወቅቱ ባዶ እጇን አስቀርቷት ካለፈ እነዚያ ልጆች ዘጠነኛ ክፍልን ይደግማሉ፣ ከደገሙትም ብዙዎቹ አይመለሱም።

ኤርካሎ ማሽኑን ሠራ። እውነት ለመናገር ቆንጆ ነበር። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ብየዳው የተወለወለ፣ ኩሽኔታው ሲዞር ድምፅ የማይሰማ፣ ቁመቱ ከሰው ወገብ የሚደርስ። የእንሰቱን ግንድ ንብርብር በአንድ በኩል ያጎርሱታል፣ እጀታውን ያዞራሉ፤ በሌላ በኩል ቃጫው ለብቻው፣ ቆጮ የሚሆነው ነጩ ለብቻው ይወጣል። ወደ ጉኑኖ በጭነት መኪና አመጡትና እናቱ ደጅ፣ ከመንገዱ ዳር ካለው የሣር መስክ ላይ፣ እንዳይንቀጠቀጥ በሲሚንቶ አቆሙት።

በሙከራው ቀን ጎረቤት ሴቶች የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ኤርካሎ እጀታውን አዞረ፣ ነጩ ወረደ፣ እልልታው ቀለጠ። ዓምደሚካኤል በመጠይቁ እየዞረ ስለ ማሽኑ ምን እንደሚሉ ጠየቀ። ሁሉም በጣም ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን አሉ። መጥፎ ያለች አንዲት ሴት የለችም። ፎቶ ተነሡ፣ ሶዶ ተመለሱ፣ ክትፎ በዳጣ በሉ፤ ዓምደሚካኤልም እንዲህ ያለ ንጹሕ ውጤት በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። መጠርጠር የነበረባቸው ያኔ ነው። ሰው ሁሉ ጥሩ ነው ያለበት መጠይቅ መልስ አይደለም፣ መስተንግዶ ነው። ጥናት ተብሎ በየመደርደሪያው አቧራ ከሚጠጣው ወረቀት ስንቱ እንዲህ ያለ መስተንግዶ እንደሆነ ቢቆጠር መደርደሪያው ባዶውን በቀረ።

በሚቀጥለው ሳምንት ፈጠነች ክፍል ስትገባ የፊቱ መደዳ የለም። የጠዋቱን ትምህርት እንደምንም ጨርሳ፣ የጠመኔ ብናኝ በእጇ ላይ እንዳለ፣ ወደ ወይዘሮ እታፈራሁ ቤት ገሠገሠች። ማሽኑ ደጅ ላይ ቆሟል። በሰማያዊ ላስቲክ ተሸፍኖ፣ ላስቲኩ ላይ የታጠበ ብርድ ልብስ ተሰጥቶበታል። ከቤቱ ኋላ ሳቅና ወሬ ይሰማል፤ በሳቁ መሐል ደግሞ የቀርከሃ መፋቂያ ድምፅ።

ዞራ ገባች። ሴቶቹ እንሰቱ ጥላ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ሳንቃውን አጋድመው፣ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ አንሥተው ንብርብሩን በተረከዛቸው ከሳንቃው ጋር አጣብቀው ይፍቃሉ። ቀሚሳቸው ተሰብስቧል። ከክፍል የቀሩት ልጆች ይሸከማሉ። ከነሱ አንዷ፣ ምላሷ ስለት የሆነው ብሩክታይት፣ መምህርቷን ስታይ የተሸከመችውን ይዛ ከአንድ ግንድ ኋላ ቆመች፤ ግንዱ ግን ከሷ ይቀጥናል።

ፈጠነች ማሽኑ ምን ሆነ ብላ ጠየቀች።

«ደኅና ነው፤ ዝናብ እንዳይነካው ሸፍነነዋል» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ።

«ለምን አልፈቃችሁበትም፣ አዬ?» አለች ፈጠነች፣ በወላይትኛ እናቴ ለማለት።

አሮጊቷ መፋቂያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ጥያቄው የገረማቸው ይመስላል። «እዚያ ደጅ? መንገደኛው ሁሉ እያየን? የሰው ባል፣ የሰው አማች፣ ወንጌላዊው ሳይቀር በሚያልፍበት ተቀምጠን እንሰት እንፋቅ?»

እንሰት የሚፋቀው ጓሮ ነው። ወንድ እዚያ አይደርስም፤ አባወራው ራሱ የሚፈልገው ነገር ካለ ከቤቱ ጥግ ሆኖ ይጣራል እንጂ ብቅ አይልም። እግር ተነሥቶ ነው የሚሠራው፤ ደግሞም ስለ ባሎች የሚወራው ሁሉ የሚወራው እዚያ ነው። ይህን የማያውቅ የወላይታ ልጅ የለም። ኤርካሎ ያውቃል። ማሽኑን ደጅ ያቆመውም ስለሚያውቅ ነው፤ ጓሮ መግባት አይችልማ። እናቱም ልጃቸው በሲሚንቶ ያቆመውን መነቅነቅ አልፈለጉም። ሴቶቹ ደግሞ ከሶዶ ድረስ ለፍቶ የመጣን ሰው ሥራህ አይረባም ማለት አልሆነላቸውም። ሁሉም ጨዋ ነበር። በጨዋነታቸው ብዛት ማሽኑ ብርድ ልብስ ማስጫ ሆነ።

ፈጠነች የምትቆጣበት ሰው ፈለገች፤ ቀድማ ያገኘችው ራሷን ነው። አባቷ ቶማ የቃለ እግዚአብሔር ሰው ነበርና ልጄ መጽሐፍ ትያዝ ብሎ ደጅ ወንበር ሰጥቶ አስቀምጧት አደገች። ጓሮ ተቀምጣ አታውቅም። ልጆቹ ከክፍል ለምን እንደሚቀሩ ጽፋለች፤ ቀርተው የት እንደሚቀመጡ ግን አንድ ቀን ዞራ አላየችም። ወይዘሮ እታፈራሁ መፋቂያ ሰጧትና ሞከረች። ንብርብሩን ቦጫጨቀችው። ብሩክታይት ከግንዱ ኋላ ወጥታ፣ «ቲቸር፣ አንግሉን ዝቅ አድርጊው» አለቻት። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ፈጠነችም አብራ ሳቀች፤ ስትስቅ ግን የምታደርገውን ወስናለች።

ወዲያው ለኤርካሎ ደወለች። ነገ መጥቶ ጓሮ እንዲገባ ነገረችው። 

«ፈጠነች፣ ምን ነካሽ?» አለ። «እናቴ ስትፍቅ ቆሜ ላይ?»

«ታዲያ ያላየኸውን ሥራ ማሽን እንዴት ሠራህለት?»

«ቪዲዮ አይቻለሁ። ሌላ አገር ሴቶች ሲፍቁ የሚያሳይ አለ።»

«የሌላውን እናት ማየት አላሳፈረህም?»

 ኤርካሎ ስልኩን ለዓምደሚካኤል ሰጠው። ዓምደሚካኤል በረጋ ድምፅ፣ ባህል በጥድፊያ እንደማይነካ፣ ይህ በሪፖርቱ ውስጥ «ባህላዊ እንቅፋት» በሚል ርእስ በሰፊው መተንተን እንዳለበት፣ በመጪው ዓመትም ሽማግሌዎች የሚገኙበት የምክክር መድረክ ቢዘጋጅ መልካም እንደሚሆን አስረዳት። ውሃና ብስኩት የቀረበበት መድረክ ማለቱ ነው፤ ባነር የተሰቀለበት። ፈጠነች ታግሣ ሰማችው፤ ለሷ ትልቅ ነገር ነው።

«ዓምዴ» አለችው፣ «ሴቶቹ ምንም አላደናቀፉንም። መንገዳቸው ላይ ሲሚንቶ ያፈሰስነው እኛ ነን።»

ስልኩን ዘግታ ወደ ወይዘሮ እታፈራሁ ዞረች። ነገሩን ሳታሽሞነሙን ነገረቻቸው፦ ማሽኑን አስተካክሎ የሚሠራ ሰው ሥራውን በዓይኑ ማየት፣ በገላው መሞከር አለበት፤ ሰውየው ደግሞ ወንድ ነው፤ ካልመጣ እነዚህ ልጆች ዘንድሮ መውደቃቸው ነው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን እግሯ ላይ ሳበች። ወይዘሮ እታፈራሁ ብዙ አሰቡ፤ እያሰቡም ፋቁ።

«የሚያይ ወንድ አይገባም» አሉ በመጨረሻ። «ይህ የነበረ ነው፣ ይኖራል። የሚፍቅ ወንድ ግን...» መፋቂያውን ወደ ባዶው ሳንቃ ቀሰሩት። «እስከ ዛሬ የመጣ ስለሌለ ሕግ አልወጣለትም።»

ኤርካሎ በማግሥቱ ከዓምደሚካኤል ጋር መጣ። ፊቱ ጥርስ ሊነቀል የመጣ ሰው ፊት ነው። ከቤቱ ጥግ ሲደርስ ቆመ፤ በዕድሜው ሙሉ የቆመበት ቦታ ነውና እግሩ በራሱ ቆመ። ፈጠነች ከኋላው ገፋችው።

ሴቶቹ መጀመሪያ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ወደ መሬት አዩ። ኤርካሎ ሱሪውን ጠቅልሎ ሳንቃው ሥር ተቀመጠ። እግሩን አነሣ፤ እግሩ አልነሣም አለ። በእጁ ይዞ አነሣው። ንብርብሩን በተረከዙ ለመያዝ ሲታገል ተንሸራተተና በጀርባው ተዘረጋ። ያኔ ጓሮው ፈነዳ። ነጠላውን ማን ያስታውሰው። አንዷ ሳቋ አላስቆም ብሏት ግንድ ተደገፈች፤ ሌላዋ ይህን ሙሽራ ማን ያገባዋል አለች። እናቱ እንባቸውን እየጠረጉ መጥተው ተረከዙን ከቦታው አስቀመጡለትና ራሱን ኮርኩመውት ተመለሱ። ዓምደሚካኤል ሸክም ታዘዘ። የእንሰት ውሃ ልብስ ላይ ካረፈ አይለቅም፤ የነገረው ግን የለም። ከቀትር በኋላ ነጩ ሸሚዝ የነብር ቆዳ መስሏል። ከብሩክታይት ጋር እየተሸከመ፣ በመጠይቁ ጊዜ ያልሰማውን ሁሉ ሰማ፤ ያለ መጠይቅ።

ኤርካሎ ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ከፋቀ በኋላ ሳቁ ወደ ክርክር ተለወጠ። ኃይሉ የሚመጣው ከክንድ ሳይሆን ከወገብ እንደሆነ አሁን ገባው፤ ቆመው የሚያዞሩት ማሽን ለዚህ ሥራ እንደማይሆንም። ሴቶቹም አፋቸው ተከፈተ። ሥራው በተራ ነው፣ ማሽኑ ከጓሮ ጓሮ ካልተጓዘ ምን ይሠራል አሉት። ፊትና ጀርባ ሆነን ከሠራን ወሬያችን የት ሊሄድ ነው አሉት። ተቀበለ። ምላጩ ይጥበቅ ሲሉት ግን እንቢ አለ፤ ከጠበቀ ቃጫውን እንደሚቆርጥ ሳንቃው ላይ አሳያቸው፣ እነሱም አምነው ተዉት። ሥሩንም አብሮ ይቀጥቅጥልን ያሉትን አንድ ማሽን ሁሉን አይችልም ብሎ መለሰ። አንዷ ባሌም እንዲሁ ነው የሚለው አለች። ኤርካሎ እስከ ጆሮው ቀላ፣ እናቱ እንዳልሰማ ሆኑ።

ወደ ማታ ኤርካሎ መዶሻ ይዞ ደጅ ወጣና በገዛ እጁ ያፈሰሰውን ሲሚንቶ ሰበረ። ፈጠነች በሰው ጥፋት ሲደሰት የሚታይ ሰው አትወድም፤ ያን መዶሻ ስትሰማ ግን ደስ አላት።

ማሽኑ ሶዶ ወርዶ ሲመለስ ሌላ ሆኗል። አጭር ነው፤ መሬት ተቀምጠው ይደርሱበታል። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚያዞረው ሁለት እጀታ አለው። እንደ ቃሬዛ አንሥተው ከአጥር አጥር የሚያሻግሩበት መሸከሚያም ተበጅቶለታል። በቀጥታ ጓሮ ገባ። ሴቶቹ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ሰደቡት፤ አንድ ጊዜ ቃጫ ጠቀለለ፣ ኤርካሎ ከጥግ ሆኖ «ልግባ?» ብሎ ጮኸ፣ እናቱም ለመፋቅ ከሆነ ግባ አሉት።

ስለዚህ ሁሉ ሦስቱ አብረው ጻፉ። «የጥናቱ ቦታ» በሚለው ሥር ፈጠነች «የወይዘሮ እታፈራሁ ጓሮ» ብላ አሰፈረች። ዓምደሚካኤል ሠርዞ «ዳሞት ሶሬ ወረዳ» አለው። መልሳ ጻፈችው። ሠረዘው። በመጨረሻ ራሱ ወስዶ ሁለቱንም አሰፈረ፤ «ባህላዊ እንቅፋት» የሚለውን ርእስ ደግሞ ማንም ሳይነግረው አወጣው። የሸሚዙን ነገር ማንም አላነሣበትም፤ ያን ያህል ጨዋነት አልጎደላቸውም።

የፈጠነች ጥያቄ ግን ወረቀት ላይ አልነበረም። ማሽኑ በተራው ወደ ብሩክታይት እናት ጓሮ የተሻገረ ዕለት ጠዋት ክፍል ገባች። የፊቱ መደዳ ባዶ ነው። ጠመኔ አንሥታ መጻፍ ጀመረች፣ ጽሑፏ ተጣመመ፣ አጠፋችው። ወንዶቹ ልጆች ዓይኗን አይተው ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ። ትምህርቱ ሳይጋመስ በሩ ተንኳኳ። ብሩክታይት ናት፤ ከኋላዋ ሌሎቹ፣ እየሮጡ የመጡ፣ የእንሰት ሽታ ይዘው። ሁሉም አልመጡም፤ ሁለቱ ጨመቃው አላልቅ ብሏቸው ቀርተዋል። የቀሩት ግን ተቀመጡ። አንድ ልጅ አፍንጫውን ያዘ። ፈጠነች ቀና ብላ አየችው፤ እጁ ወረደ።

ብሩክታይት ገና ደብተሯን ሳታወጣ እጇን ሰቀለች።

«ቲቸር፣ የማሽኑ ሁለት እጀታ እኩል ነው። እናቴ ጉልበት አላት፣ አያቴ ግን የላትም። የአያቴ እጀታ ለምን አይረዝምም?»

«ቢረዝም ምን ይሆናል?»

«እንደ በር ነዋ። ከማጠፊያው ርቀው ሲገፉት ይቀላል።»

«ቢቀልስ፣ የምትከፍይው ነገር የለም?»

ልጅቷ አሰበች። «ብዙ መንገድ ታዞራለች። ግን አያቴ የምትቸኩልበት የላትም።»

ፈጠነች ጠመኔውን ሰጠቻትና ሰሌዳው ላይ እንድታሳይ አደረገቻት። አንዱ የኋላ ወንበር ልጅ ተሳስታለች አለ፣ ተከራከሩ፣ ሌላዋ ገባችበት፣ ክፍሉ ተንጫጫ። ፈጠነች በዚያ ጫጫታ መሐል ስልኳን አውጥታ ወደ በሩ ወጣ አለች። በትምህርት ሰዓት ስልክ እንደማይነካ ለልጆቹ በየቀኑ ትናገራለች። ያን ቀን ግን ነካች።

«ኤርካሎ፣ አንዱን እጀታ ልታስረዝመው ነው» አለችው።

«ደግሞ ማን ወሰነ?»

ወደ ውስጥ አየች። ብሩክታይት የልጁን መስመር አጥፍታ የራሷን ታሰምራለች።

«እስካሁን እየተከራከሩ ነው» አለች ፈጠነች። «ዘጠነኛ ክፍል።»